ስማቸው ይጠራል፣ ድምፃቸው አይሰማም

ይሄ ጽሑፍ ስለ አንድ ነጻ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ኦየዝ ይባላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሮችን በድምፅ የያዘ መዝገብ ነው። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስሰማው ከርሜያለሁ። ከአገልግሎቱ ይልቅ ስለ አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ብዙ ካወራሁ ግን ጥፋቱ የጋሼ ነው።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ። ስራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሁለት ቋንቋ ማወቅ፣ አንዱን ወደ ሌላው መገልበጥ፣ በቃ። ችሎት ስትገቡ ግን ሌላ ነው። ጠበቃ አንዴ ከጀመረ አይተነፍስም። ዳኛው መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ጠበቃው "አዎ፣ ክቡር ዳኛ" ይልና ጥሎት ወደሄደው ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። አስተርጓሚዋ ሁለቱንም ይዛ መሮጥ አለባት።

ለልምምድ ብዬ መጀመሪያ አንድ መተግበሪያ ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። በወር 30 ዶላር እየከፈልኩ፣ ተዋናዮች ቃል በቃል እየቆጠሩ የሚያነቡትን የውሸት ችሎት እሰማ ነበር። እንደዚያ ረጋ ብሎ የሚናገር ጠበቃ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሦስት ወር ከፍዬ ተውኩት። ለመሰረዝ ራሱ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጋሼ የምላቸው ከኛ ሁሉ በፊት ይሄን ስራ የጀመሩ ሰው ናቸው። ስለ መተግበሪያው ሳማርርላቸው ሳቁብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ገንዘብሽን ለምን ትበትኛለሽ? የአገሩ ምርጥ ጠበቆች በነጻ ተቀምጠውልሻል።"

"ጋሼ፣ እነሱማ ይከብዱኛል። እርስዎ ለምደውት ነው።"

"ሳይከብድሽ ምን ልትማሪ ነው?" አሉና ስልኬን ተቀብለው ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ኦየዝን በ1990ዎቹ የጀመሩት ጄሪ ጎልድማን ናቸው፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የኮርኔል የሕግ መረጃ ተቋም፣ ጀስቲያ የሚባለው ድርጅትና ቺካጎ ኬንት የሕግ ኮሌጅ አንድ ላይ ይዘውታል። ስሙ ዳኞቹ ወደ ችሎት ሲገቡ የፍርድ ቤቱ ማርሻል ሦስቴ ከሚጮኸው ቃል የመጣ ነው። "ስሙ!" ማለት ነው። በኛ ነጋሪት እየተጎሰመ "ስማ! ስማ!" እንደሚባለው መሆኑ ነው። ሲጻፍ ኦየዝ ቢሆንም ሲጮኹት "ኦዬ" ይላሉ፣ እኔን አትጠይቁኝ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክር መቅዳት የጀመረው በኦክቶበር 1955 ነው። ካሜራ እስከ ዛሬ አይገባም። ስለዚህ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፣ ለአስተርጓሚ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱው። የአንድ ጉዳይ ገጽ ስትከፍቱ ታሪኩን በአጭሩ፣ ፍርድ ቤቱ የቀረበለትን ጥያቄና መጨረሻውን ታገኛላችሁ። ማን ዳኛ ከማን ጋር እንደወገነ ከነፎቶው አለ። ድምፁን ስታስነሱት ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል፣ የሚነገረው አንቀጽ ይቀልማል። አንድ ቃል ካመለጠኝ ጽሑፉን ነክቼ እመለሳለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አንድ ነገር ግን አለ፣ ካልነገሯችሁ የማታስተውሉት። እስከ 2004 ድረስ የፍርድ ቤቱ ኦፊሴላዊ ቃለ ጉባኤ የጠየቀውን ዳኛ ስም አይጽፍም ነበር። "ጥያቄ" ብቻ ይላል። ዘጠኙም ዳኞች "ጥያቄ" ናቸው። አንዱ ሲያፋጥጥ ሌላው ሲያድን፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚጣላ ይመስላል። ኦየዝ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት አለው። እዚህ ጋ ስካሊያ፣ እዚህ ጋ ኦኮነር ይላችኋል። ይሄን ስራ ቁጭ ብሎ የሰራው ሰው ጆሮ ይባረክ።

ጋሼ የሰጡኝ የመጀመሪያ የቤት ስራ ግሩተርና ቦሊንገር ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን 2003 የተደረገ ክርክር ነው። ዋና ዳኛው ሬንኲስት በደረቅ ድምፅ የመዝገቡን ቁጥርና የሁለቱን ተከራካሪዎች ስም ይጠራሉ። ባርባራ ግሩተርና ሊ ቦሊንገር። ከዚያ ወዲያ ቦሊንገር የሚባሉት ሰው በድምፃቸው አንዲት ቃል አይናገሩም። ጠበቃ አላቸዋ፣ ምን ይናገራሉ? ያስገረመኝ ሰውየው ማን እንደሆኑ ሳጣራ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ስለ መናገር ነው። የንግግርና የፕሬስ ነጻነት ሕግ ፕሮፌሰር ናቸው!

ቦሊንገር የተወለዱት በ1946 ነው። አባታቸው ኦሪገን ውስጥ ቤከር በምትባል ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ኮሎምቢያ ሕግ ተምረው በ1971 ተመረቁ። ከዚያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የዋረን በርገር የሕግ ረዳት ሆነው ሰሩ። በ1973 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ገቡ። በ1987 የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ሆኑ። በ1994 ዳርትመዝ ኮሌጅ በፕሮቮስትነት ሄዱ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ትምህርቱን የሚመራ ሹመት ነው። በ1997 መጀመሪያ ወደ ሚሺጋን ተመለሱ፣ አሁን ፕሬዚዳንት ሆነው። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለት ክስ መጣ።

ከሕግ መምህርነት ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ መምራት አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው። ኤድዋርድ ሌቪ ቺካጎን፣ ዴሬክ ቦክ ሃርቫርድን የመሩት ሁለቱም የሕግ ዲን ከነበሩ በኋላ ነው። ጋሼ "ጠበቃ መጣላትም መታረቅም ያውቃል፣ ለዚያ ነው" ይላሉ። እኔ ዲንነቱ ይመስለኛል። መምህር እያለህ ያልተስማማህን ሰው ክፍል ውስጥ ትረታዋለህ። ዲን ስትሆን ያው ሰው ጋ ሄደህ ድምፁን ወይም ገንዘቡን ትለምናለህ።

የቦሊንገር ነገር ደግሞ የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። ግሩተር የከሰሱበት፣ ተማሪ ሲመረጥ ዘርንም የሚያየው የሕግ ትምህርት ቤቱ የቅበላ መመሪያ የወጣው በ1992 ነው። ያኔ ዲኑ እሳቸው ነበሩ። አንድ የመምህራን ኮሚቴ አቋቁመው ያጻፉትን ወረቀት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነው ተከሰሱበት። ከሳሿ ግሩተር በ1996 ያመለከቱ ነጭ ሴት ናቸው። አማካይ ውጤታቸው 3.8፣ የሕግ መግቢያ ፈተናቸው 161 ነበር። ዘሬ ነጭ ስለሆነ ነው የተገፋሁት አሉ። ሁለተኛው ክስ የግራትዝ ነው፣ እሱ ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ቅበላ ነው። እዚያ ነገሩ በነጥብ ነበር። ከ150 ነጥብ 100 ያገኘ ይገባል። ጥቁር፣ ሂስፓኒክ ወይም የአሜሪካ ነባር ተወላጅ የሆነ 20 ነጥብ ይጨመርለታል። ለአትሌትም 20። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ ምንም ያልሳተ ልጅ ግን የሚያገኘው 12 ነጥብ ነው። ይቺን ቁጥር ስሰማ ማዳመጫዬን አወጣሁ። እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር?

ክርክሩን መጀመሪያ ዝም ብዬ ሰማሁት። ሁለተኛ ቀን እየደገምኩ ሰማሁት። እኛ ሻዶዊንግ እንለዋለን፣ ከተናጋሪው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ቀርቶ እንደ ጥላ መከተል ነው። ሦስተኛ ቀን ወደ አማርኛ። መኪናዬ ውስጥ ነው የማደርገው፣ ፍርድ ቤቱ ጓሮ አቁሜ። አንድ ጠባቂ ሁለቴ መጥቶ "ደህና ነሽ?" ብሎኛል። ብቻዋን እጇን እያወራጨች የምትከራከር ሴት ሲያይ ምን ያድርግ!

ለሕግ ትምህርት ቤቱ የተከራከሩት ሞሪን ማሆኒ ናቸው። ወጣት እያሉ የሬንኲስት የሕግ ረዳት ነበሩ። አሁን በቀድሞ አለቃቸው ፊት ቆመዋል። ሬንኲስት ግን ምንም አላዘኑላቸውም፣ መጨረሻም ድምፃቸውን የሰጡት ለሌላው ወገን ነው። ስካሊያ ደግሞ አሉ። ስካሊያን መከተል እንደ ፍየል ጠባቂ መሮጥ ነው። ያሾፋሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ለማሆኒ ያነሱት ነጥብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሚሺጋን ችግሩን የፈጠረው ራሱ ነው፣ ምርጥ የተባለ ትምህርት ቤት ካላስፈለገው መመዘኛውን ዝቅ ያድርግና ጉዳዩ ይለቅ። ማሆኒ ሳይደናገጡ መለሱ። ትምህርት ቤቱ ከጥራትና ከስብጥር፣ ማለትም የተለያየ ዘር ተማሪ ከመያዝ፣ አንዱን ምረጥ ተብሎ አይገደድም አሉ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። እኔ እንደሳቸው ብረጋ ደሞዜን እጥፍ ይጨምሩልኝ ነበር።

የተሸነፍኩት ግራትዝ ላይ ነው። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በዚያን ዘመን ችሎት ላይ እምብዛም አይናገሩም ነበር። ኋላ ከ2006 እስከ 2016 ድረስ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አሥር ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። ግራትዝ ላይ ግን ያ ወፍራም ድምፅ ድንገት መጣ። የሚሺጋኑን ጠበቃ ጆን ፔይተንን ጠየቋቸው። የቅበላ መመዘኛችሁ ራሱ ስብጥር እናምጣ ለምትሉት ጥረት "ሄድዊንድ" አይሆንበትም ወይ ነው ነገሩ። ሄድዊንድ! አውሮፕላንን ወይም ብስክሌት ነጂን ከፊት የሚገፋ ንፋስ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ላመጣው ስል ጭው አለብኝ። "የፊት ንፋስ" ብል ማንም አይገባውም። "እንቅፋት" ብል ንፋሱ ይጠፋል፣ ደግሞ እንቅፋት ጣት ነው የሚመታው። "የሚገፋ ንፋስ" ስል ከኋላ ይገፋ ይሁን ከፊት አልለየሁም። እኔ ንፋስ ስመርጥ ፔይተን መልሰው ጨርሰዋል። አራት ዓረፍተ ነገር አለፈኝ። የከፈልኩበት መተግበሪያ ይሄን አስተምሮኝ አያውቅም።

ጋሼን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሽቅብ አይሆንባችሁም ወይ በይው" አሉኝ። ሽቅብ። ንፋሱን ትተው ዳገት አመጡለት። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ውሳኔው የመጣው ጁን 23 ቀን 2003 ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ 5 ለ 4 አሸነፈ። የነጥቡ አሰራር ደግሞ 6 ለ 3 ተሸነፈ። እያንዳንዱን ሰው እንደ ሰው እያያችሁ ዘርን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፣ 20 ነጥብ ግን በጅምላ አታድሉ ነው ነገሩ። ኦኮነር ከ25 ዓመት በኋላ ይሄ አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን ብለው ጻፉ። 25 ዓመቱ የሚሞላው በ2028 ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ድሉ ያን ያህል እንኳ አልቆየም። በኖቬምበር 2006 የግዛቱ ሕዝብ በድምፁ አፈርማቲቭ አክሽንን፣ ዘርን እያዩ ቅድሚያ መስጠትን፣ በመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ከለከለ።

ክርክሩ ሲደረግ ቦሊንገር ሚሺጋን አልነበሩም። በ2001 ሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሲፈልግ ስማቸው ከመጨረሻዎቹ እጩዎች ጋር ነበር፣ ላሪ ሰመርስ ተመረጡ። በ2002 ኮሎምቢያ ወሰዳቸው። እዚያ 21 ዓመት ቆዩ። ምዕራብ ሃርለም ላይ 17 ኤከር የያዘ አዲስ ግቢ አስገነቡ። ለመሬቱ ሲባል መንግስት የግል ንብረት ማስለቀቁ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2010 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈቀደ። ደሞዛቸውም የዋዛ አልነበረም፣ በ2013 ጠቅላላ ክፍያቸው 4.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በ2022 ደግሞ አንድ የራሱ የዩኒቨርሲቲው የሂሳብ ፕሮፌሰር ለደረጃ አውጪዎች የተላከው መረጃ ልክ አይደለም ብሎ አጋለጠ፣ ኮሎምቢያም ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሰውየውን ጻድቅ ላደርግ እንዳልተነሳሁ እንዲታወቅልኝ ነው። የምወድላቸው አንድ ነገር አለ። ፕሬዚዳንት ሆነውም የመናገር ነጻነትን ክፍል ገብተው ማስተማራቸውን አልተዉም።

ድምፃቸውን የግድ መስማት ፈለግኩ። ኦየዝ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሄጄ የሴፕቴምበር 24 ቀን 2007ቱን ቪዲዮ አገኘሁ። የኢራኑ ፕሬዚዳንት አህመዲነጃድ ኮሎምቢያ ተጋብዘው የመጡ ቀን ነው። ቦሊንገር እንግዳውን ሲያስተዋውቁ ፊት ለፊታቸው፣ በጠራ ድምፅ፣ "ክቡር ፕሬዚዳንት" ብለው ጀምረው የትንሽና የጨካኝ አምባገነን ምልክት ሁሉ ይታይብዎታል አሏቸው። አህመዲነጃድም ተራቸው ሲደርስ እኛ አገር እንግዳ እንዲህ አይቀበሉም ዓይነት መልስ ሰጡ።

ሌላው ሰው ያን ቪዲዮ ሲያይ ስለ ፖለቲካው ያስባል። እኔ ያሰብኩት ስለ አስተርጓሚው ነው። እንግሊዝኛው "ዩ" ብሎ ይገላገላል። በአማርኛ ግን አንተ ልበል ወይስ እርስዎ? "ክቡር ፕሬዚዳንት" ካልኩ በኋላ አንተ ማለት አልችልም። እርስዎ ብዬ ደግሞ አምባገነን ብል ስድቡ የሚለዝብ መስሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ ሞከርኩት። አልለዘበም፣ ባሰ። "ትንሽ" የሚለውም አስቸገረኝ። ሰውየው አጭር ነው የተባለ ይመስላል። ለጋሼ ነገርኳቸው።

"እርስዎ በይና ስድቡን እንዳለ አስገቢው" አሉ። "ለማን ብለሽ ታለሰልሻለሽ?"

"ትንሽ የሚለውስ?"

"'ወራዳ' ይሻላል።"

"ጋሼ፣ ወራዳማ በዛ!"

እስካሁን አልተስማማንም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ለጀማሪ አስተርጓሚ ኦየዝን እመክራለሁ ወይ? አዎ፣ ግን በስካሊያ አትጀምሩ። በማሆኒ ጀምሩ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፣ የሕግ ቃል መዝገብ አጠገባችሁ ይኑር። በአንድ ጉዳይ ብቻ አትቁሙ፣ ክሩን ተከትላችሁ ሂዱ። ከግሩተር በፊት የባኪ ጉዳይ አለ፣ እሱም ስለ ዘርና ቅበላ ነው፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1977፣ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተከራከሩት አርኪባልድ ኮክስ ናቸው፣ እሳቸውም የሕግ ፕሮፌሰር። ከግሩተር በኋላ ደግሞ የሃርቫርዱ አለ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2022። ውሳኔው ጁን 29 ቀን 2023 ወጣ፣ ግሩተር ላይ የተፈቀደውም በዚያው አበቃ። ቦሊንገር ከኮሎምቢያ ፕሬዚዳንትነት የወረዱት በማግስቱ ነው፣ ጁን 30። መልቀቂያቸው ቀድሞ የተቆረጠ ነበር እንጂ በውሳኔው አይደለም፣ ቢሆንም ቀኑን ሳየው ደነገጥኩ።

ባለፈው እሁድ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የ1972ን የስራ ዘመን ከፈትኩ። ቦሊንገር የበርገር የሕግ ረዳት የነበሩበት ዘመን ነው። ኦክቶበር 11 ላይ ስለ ውርጃ የሆነው የሮና ዌድ ጉዳይ እንደገና ክርክር የተሰማበት ድምፅ አለ። በርገር ጉዳዩን ይጠራሉ፣ ድምፃቸው ከሬንኲስት ይወፍራል። አንድ የ26 ዓመት ረዳት የዚያን ዓመት ለኚህ ሰው ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። የሕግ ረዳት ችሎት ላይ አይናገርም። ለማንኛውም ማዳመጫውን አስተካክዬ አንድ ሃያ ደቂቃ ያህል ተከተልኩ፣ ከዚያ ጉሮሮዬ ደረቀ።